የድስት ሚዛን፣ የሰው ሚዛን፦ የአንድ ቤት የካሎሪ መዝገብ

መነሻ

ሥራው ሁለት መዝገብ ጎን ለጎን መያዝ ነው። በአንዱ ከኩሽና የሚወጣው ድስት ሁሉ ከነይዘቱ ይሰፍራል፤ በሌላው አንድ ጎልማሳ ጠዋት ጠዋት ይመዘናል። ቤቱ አዲስ አበባ ነው፤ አምስት ሰው ከአንድ ማዕድ ይበላል። ተመዛኙ የ42 ዓመት ወንድ ነው፤ ቁመቱ 172 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 86 ኪሎ፣ ሥራው ወንበር ላይ። የሚፈለገው በወር አንድ ኪሎ አካባቢ እንዲቀንስ ነው፤ ወጡ ሳይቀየር፣ እንጀራውም ሳይቀር።

ስልክ ላይ የሚጫኑ የካሎሪ መቁጠሪያዎች «ሽሮ» ብለው አንድ ቁጥር ያስቀምጣሉ። የማን ሽሮ? በስንት ዘይት የተሠራ? መልስ የላቸውም። ለዚህ ነው ሥራው ከድስቱ የሚጀምረው። (እዚህ «ካሎሪ» የተባለው ሁሉ ኪሎ ካሎሪ ነው።)

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ልጆች፣ እንዲሁም ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የሚወስዱ ሰዎች ይህን ሥራ ያለ ሐኪም አይጀምሩት። መድኃኒቱ ሳይስተካከል ምግብ ሲቀንስ ስኳር ከልክ በታች ይወርዳል።

ዕቃና የሚዛን ማረሚያ

የኩሽና ሚዛን፦ በ1 ግራም የሚቆጥር፣ ቢቻል እስከ 10 ኪሎ የሚያነሳ። 5 ኪሎ ብቻ የሚያነሳው ሚዛን ትልቁ ድስት ሲሞላ አይችለውም። የሰው ሚዛን፦ በ100 ግራም የሚቆጥር። ነጭ ፕላስተር፣ ማርከር፣ ደብተር።

አንድ ሊትር ውኃ በትክክል ተለክቶ ሲመዘን 1,000 ግራም ወይም ከሁለት ሦስት ግራም ያልበለጠ ልዩነት ማሳየት አለበት። ከዚያ በላይ ከሳተ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ባትሪው ነው። የሰው ሚዛን ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ይዋሻል፤ ሴራሚክ ወይም ሲሚንቶ ላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይቀመጥ። ሁለት ኪሎ ቢሳሳት እንኳ በየቀኑ እኩል ከተሳሳተ ለዚህ ሥራ ይበቃል፤ የምንፈልገው ለውጡን ነው።

የእያንዳንዱ ድስት ባዶ ክብደት ፕላስተር ላይ ተጽፎ እጀታው ሥር ተለጠፈ። ትልቁ ብረት ድስት 1,840፣ ትንሹ 960። ይህ ካልተደረገ ወጡ ከበሰለ በኋላ ለብቻው የሚመዘንበት መንገድ አይኖርም፤ ትኩስ ወጥ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጦ መመዘንን ደግሞ ባለቤቲቱ ሁለተኛ ቀን ላይ ያስቆሙታል።

የመነሻ ስሌት

ሰውነት በእረፍት የሚያወጣውን ኃይል ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የሚፍሊን ቀመር ተያዘ፦ ክብደት በኪሎ ሲባዛ በ10፣ ሲደመር ቁመት በሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ6.25፣ ሲቀነስ ዕድሜ ሲባዛ በ5። ለወንድ 5 ይደመራል፤ ለሴት 161 ይቀነሳል። ለዚህ ሰው 860 + 1,075 − 210 + 5 = 1,730። ቢሮ ለሚውልና ትንሽ ለሚራመድ ሰው በ1.4 ሲባዛ 2,420 ካሎሪ ይሆናል።

ቁጥሩ መነሻ ግምት ነው። ሁለት እኩል ዕድሜ፣ እኩል ክብደት ያላቸው ሰዎች በቀን በመቶዎች ካሎሪ ሊለያዩ ይችላሉ። በቀን 2,000 እንዲበላ ተወሰነና ወደ ኩሽና ተገባ።

ሳምንት 1፦ እንጀራ

ጥሬው ጤፍ በ100 ግራም 367 ካሎሪ አካባቢ አለው። የተቦካው ዱቄት 3 ኪሎ፤ አጠቃላይ 11,010። ለእርሾ የተቀመጠውና ቡሃቃው ላይ ተጣብቆ የቀረው ሊጥ ተመዝኖ ሲቀነስ ወደ ምጣድ የሄደው 10,700 አካባቢ ሆነ። 20 እንጀራ ወጣ፤ አማካይ ክብደቱ 360 ግራም። አንዱ እንጀራ 535 ካሎሪ፣ በ100 ግራም 149።

ማስጠንቀቂያ፦ እንጀራ በሚበላበት ቀን ክብደቱ ተመዝኖ በ149 መባዛት የለበትም። ሞሰብ ውስጥ ሲያድር ውኃው ይቀንሳል፤ በሦስተኛው ቀን ያው እንጀራ ቀልሎ ይገኛል፣ ካሎሪው ግን እዚያው ነው። ስለዚህ የሚመዘገበው በግራም ሳይሆን በቁጥር ነው፦ ግማሽ፣ ሩብ፣ አንድ ሙሉ። እያንዳንዱ ጋገራ የራሱን ቁጥር ይይዛል፤ ጋጋሪዋ ሊጡን ስታቀጥነው ከ3 ኪሎ 20 የወጣው 23 ይሆናልና።

ጤፉ ነጭ ነው፣ ቀይ ነው፣ ሰርገኛ ነው የሚለው ክርክር ለክብደት ጉዳይ ብዙም አይረባም። ሩዝ ወይም ስንዴ ቢቀላቀልበትም የዱቄቱ ካሎሪ በ100 ግራም ከ340 እስከ 370 መካከል ይውላል። የብረት ማዕድንና የአሰር (ፋይበር) ነገር ሌላ ነው፤ ለዚያ ጤፉ ይመረጣል።

የሽሮው ድስት

ሽሮው መጀመሪያ ቤቱ እንደለመደው ተሠራ፤ ዘይቱ ብቻ ከመፍሰሱ በፊትና በኋላ ጠርሙሱ ተመዘነ።

ሽንኩርት 300 ግራም፣ 120 ካሎሪ። ሽሮ ዱቄት 250 ግራም፣ 925። ነጭ ሽንኩርት 20 ግራም፣ 30። ዘይት 150 ግራም፣ 1,326። ውኃ አይቆጠርም። ድምር 2,400። ድስቱ ከእሳት ሲወርድ ባዶው ተቀንሶ 1,600 ግራም ሆነ። ስለዚህ በ100 ግራም 150 ካሎሪ፤ የአንድ ሰው 200 ግራም ጭልፋ 300።

ከ2,400ው 1,326ቱ ከዘይት መምጣቱን ልብ ይሏል፤ ከግማሽ በላይ። «እንጀራ ያወፍራል» ሲባል የሚወቀሰው ግማሽ እንጀራ 268 ካሎሪ ነው። አጠገቡ ያለው ጭልፋ ሽሮ ከዘይቱ ብቻ 166 ይዟል፤ ማንም ግን «ዘይት በላሁ» አይልም።

ሁለተኛው ድስት፦ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ ዘይቱ 60 ግራም። ድምር 1,605፣ የወጣው 1,510 ግራም፣ በ100 ግራም 106። ችግር ገጠመ፦ ቁሌቱ አልበሰለም፤ ሽንኩርቱ ከሥር ያዘ። ምክንያቱም ያን ያህል ሽንኩርት በዚህ ዘይት ለማቁላላት እሳቱ ከፍ ያለ ነበር። መላው ጥንትም የሚታወቅ ነው፦ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በትንሽ እሳት እያማሰሉ ውኃው እስኪመጥ ማቁላላት፣ ሲደርቅ ሙቅ ውኃ ጠብ እያደረጉ መቀጠል፣ ዘይቱን ከበርበሬው ጋር መጨመር። በዚህ ሦስተኛው ድስት በ80 ግራም ዘይት ተሠራ፤ 1,780 ካሎሪ፣ 1,530 ግራም፣ በ100 ግራም 116። ጣዕሙን ማንም አልተቃወመም፤ 60 ግራም ላይ ግን ልጆቹ «ይደርቃል» ብለው ነበር። 80 ጸደቀ።

ጨላፊው እጅ

ወጥ ሲያርፍ ዘይቱ ይንሳፈፋል። መጀመሪያ የሚጨለፈው ከላይ ዘይት የበዛበት፣ መጨረሻ የሚጨለፈው ከሥር የወፈረው ነው። ሁለት ሰው እኩል 200 ግራም ወስዶ እኩል ካሎሪ ላይወስድ ይችላል። ከመጨለፉ በፊት ድስቱ ከሥር ይማሰል። ዶሮ ወጥ ላይ ይህ ይበልጥ ይታያል፤ ቅቤው ለብቻው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ለዶሮ ወጥ ሥጋው፣ እንቁላሉና መረቁ ለየብቻ መመዘን አለበት። 200 ግራም ንጥር ቅቤ ብቻውን ወደ 1,750 ካሎሪ ነው።

ምስር ላይ በብዛት የሚደረግ ስህተት፦ ጥሬ ምስር በ100 ግራም 350 አካባቢ፣ የተቀቀለው 116። የበሰለውን መዝኖ በጥሬው ቁጥር ያባዛ ሰው ሦስት እጥፍ ይጽፋል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ወደ ድስቱ የገባው ሁሉ በጥሬው ይመዘናል፣ የወጣው ድስት በድምሩ ይመዘናል፣ የጥሬው ካሎሪ ድምር ለወጣው ክብደት ይካፈላል። የዘይት መለኪያ በሚሊ ሊትር ከሆነ በ0.92 ተባዝቶ ወደ ግራም ይመለስ።

ማዕዱና ጉርሻው

ከአንድ ትሪ ሲበላ የአንዱን ድርሻ መለየት አይቻልም። የተሻለው መንገድ ተመዛኙ የራሱን ሩብ ወይም ግማሽ እንጀራ ከፊቱ አንጥፎ ወጡ በጭልፋ ተመዝኖ እንዲወጣለት ማድረግ ነው፤ ትሪው አንድ ይሁን፣ ድርሻው ይለይ። ጉርሻ ሲጎርስ አንድ ሰረዝ በደብተሩ። አንድ መካከለኛ ጉርሻ 35 ግራም አካባቢ መዘነ፣ 50 ካሎሪ ገደማ። እንግዳ በመጣበት ቀን ስድስት ጉርሻ 300 ነው። እምቢ ማለት አይጠበቅበትም፤ ይጻፈው።

ሳምንት 2፦ ከድስቱ ውጭ ያለው

ስኳር፦ ሜዳ ያለ የሻይ ማንኪያ 4 ግራም፣ ቤቱ የሚጠቀምበት ቆልል ያለው ግን 7። ሦስት ቆልል 21 ግራም፣ 80 ካሎሪ ያህል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ ከ300 በላይ ይሆናል፤ ከግማሽ እንጀራ ይበልጣል። ለስላሳ በ300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ 32 ግራም ያህል ስኳር፣ 125 ካሎሪ አካባቢ። ቢራ 330 ሚሊ ሊትር፣ 140 አካባቢ፤ አብዛኛው ከአልኮሉ ነው፣ አንድ ግራም አልኮል 7 ካሎሪ ስላለው።

ቆሎ፦ የገብስ ብቻ ከሆነ በ100 ግራም 350 ገደማ፣ ኦቾሎኒ ግን 567። ስለዚህ የተቀላቀለ ቆሎ ላይ እጅ የትኛውን እየመረጠ እንደሚያነሳ ይታይ። አንድ ጭብጥ 30 ግራም ያህል ነው፤ ችግሩ ጭብጡ ሳይሆን ሳህኑ ቡና እስኪጠጣ ፊት ለፊት መቆየቱ ነው።

እግር ጉዞ፦ አንድ ኪሎ ሜትር መራመድ በእረፍት ከሚወጣው በላይ ለአንድ ኪሎ ክብደት ግማሽ ካሎሪ አካባቢ ይወስዳል። 86 × 4 ኪሎ ሜትር × 0.5 = 172። በዘይት ሲመነዘር 19 ግራም። መራመድ ለልብ፣ ለስኳር፣ ለእንቅልፍ ይጠቅማል፣ ይቀጥል፤ የሾርባ ማንኪያ ዘይትን ለማካካስ ግን ደካማ መሣሪያ ነው።

የጠዋት ሚዛን

ከመጸዳጃ በኋላ፣ ምንም ሳይበላና ሳይጠጣ፣ በአንድ ዓይነት ቀላል ልብስ። የቀኑ ቁጥር ይጻፋል እንጂ አይነበብም፤ የሚነበበው የሰባት ቀን አማካይ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ክብደት እስከ አንድና ሁለት ኪሎ ይወጣል ይወርዳል፦ ጨው ውኃ ይይዛል፤ በጉበትና በጡንቻ የሚከማቸው ስኳር በአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይቀመጣል፤ አንጀት ውስጥ ያለው ምግብም አለ። ሴት ብትሆን ኖሮ የወር አበባ ዑደት ስለሚጨመር ሳምንትን ከሳምንት ሳይሆን የዑደቱን ቀን ከቀጣዩ ዑደት ተመሳሳይ ቀን ጋር ማነጻጸር ይሻላል።

የመጀመሪያው ሳምንት ውጤት 86.0 ወደ 85.0። ደስ ያሰኛል፣ ግን አይቆጠርም። አብዛኛው ውኃ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «በሳምንት አንድ ኪሎ» ብሎ አስልቶ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ተስፋ ይቆርጣል። ስሌቱ ከ85.0 ተጀመረ።

ተቃራኒው በበዓል ይመጣል። በፋሲካ ማግሥት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ ቢጨምር ሁለት ኪሎ ስብ አልተጨመረም፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ስለሚይዝ በሁለት ቀን 15,400 ካሎሪ ትርፍ መብላት ይጠይቃል። ያ ሁሉ ዶሮና ክትፎ እንኳ አያደርሰውም። ጨው፣ ውኃና ገና ያልወጣ ምግብ ነው፤ ወደ ልማዱ ሲመለስ ብዙው በሳምንት ውስጥ ይወርዳል። የሚቀረው ጥቂቱ ግን እውነተኛ ነው።

ሳምንት 3፦ ጾም ሲገባ

ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተት፣ እንቁላል የለም። ብዙ ሰው እቀንሳለሁ ብሎ ይጠብቃል። መዝገቡ የሚያሳየው ሌላ ነው፦ ንጥር ቅቤው ሲወጣ ዘይቱ ይገባል፣ ሁለቱም በግራም 9 ካሎሪ አካባቢ ናቸው። ሳምቡሳ፣ ድንች ጥብስ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ በኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ ሁሉም የጾም ናቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየትም በራሱ ስብ አያቀልጥም፤ የሚሠራው በቀኑ ድምር ላይ ቅናሽ ካመጣ ብቻ ነው። ተመዛኙ ሁለት ምግብ እየበላ 2,000 ውስጥ መቆየት ከሦስት ምግብ ይልቅ ቀሎታል፤ ለሌላው ሰው ተቃራኒ ሊሆን ይችላል።

ጾም ላይ የሚጎድለው ፕሮቲን ነው። ክብደት ሲቀንስ ጡንቻ አብሮ እንዳይሄድ ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም በቀን ጥሩ ነው፤ ለዚህ ሰው ዝቅተኛው 100 ግራም አካባቢ። 100 ግራም ጥሬ ምስር 24 ግራም ገደማ አለው። ስለዚህ ከሽሮው በተጨማሪ ክክ፣ ምስር ወይም ባቄላ በየቀኑ ይግባ፤ ወጡም ከእንጀራው አንጻር ከፍ ይበል።

ገቢና ወጪ አልገጠመም

የ28 ቀን ሒሳብ፦ በደብተሩ የተጻፈው አማካይ ገቢ 2,010። ክብደት ከ85.0 ወደ 84.1። 0.9 ሲባዛ በ7,700 ሲካፈል ለ28፣ በቀን 250 ያህል ጉድለት። ስለዚህ በዚህ ደብተር መለኪያ የሰውየው ዕለታዊ ወጪ 2,260 ነው፤ ቀመሩ 2,420 ብሎ ነበር። 160 ካሎሪ የት ገባ?

ሁለት መልስ አለ፤ ወይ ቀመሩ አብዝቷል፣ ወይ ደብተሩ አሳንሷል። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የኒው ዮርክ ጥናት «ብቀንስም አይቀንስልኝም» የሚሉ ሰዎችን በትክክለኛ መለኪያ ሲፈትሽ፣ የበሉትን በአማካይ 47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ 51 በመቶ አብዝተው ይናገሩ ነበር። ሆን ብለው የዋሹ አልነበሩም። እዚህ ቤትም ማጣራት ያስፈልጋል።

ማጣሪያው የዘይት ጀሪካን ሆነ። 5 ሊትር ጀሪካን 4,600 ግራም ዘይት ይይዛል። ሒሳቡ በተጀመረበት ቀን ተከፍቶ ነበር፤ በ28ኛው ቀን ሲመዘን 900 ቀርቷል። 3,700 ግራም ለአምስት ሰው፣ በሰው በቀን 26 ግራም። በድስት መዝገቡ ላይ ያለው ዘይት ድምር ግን 2,350፤ በሰው 17 ግራም። የጠፋው 1,350 ግራም፣ በሰው በቀን 85 ካሎሪ ገደማ። የጉድለቱ ግማሽ ተገኘ።

የሄደበትም ታወቀ፦ የጠዋት ፍርፍር፣ የእንቁላል መጥበሻ፣ የልጆች ድንች፣ እና ወጡ ሲሞቅ «ደረቀ» ተብሎ ጠብ የሚደረገው። የድንች መጥበሻው ዘይት ከፊሉ ስለሚደፋ 85ቱ ሙሉ በሙሉ ሆድ ገብቷል ማለት አይቻልም። ማስተካከያ፦ ጀሪካኑ ይቆለፍ አይባልም፤ ዘይቱ በ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይቀዳ፣ ጠርሙሱ ማታ ማታ ይመዘን፣ ከድስት መዝገብ የተረፈው ለአምስት ተካፍሎ በእያንዳንዱ ሰው ላይ ይጻፍ። በማንኪያ መለካት ተሞክሮ ተትቷል፤ ምግብ አብሳይ እጅ ማንኪያ ፈልጎ አይጨምርም።

የቀረው 75 ካሎሪ ከቀመሩ ስህተት ይሁን ከቆሎ አይለይም፣ መለየትም አያስፈልገውም። ደብተሩ በአንድ ዓይነት መንገድ እስከተያዘ ድረስ ስህተቱ ሚዛኑ ላይ ራሱን ያርማል፦ 2,010 ሲጻፍ በወር 0.9 ከቀነሰ፣ 1,900 ሲጻፍ ትንሽ ይበልጥ ይቀንሳል። ቀመሩ ከዚህ በኋላ ተተወ፤ የሚሠራበት ቁጥር 2,260 ነው።

ወደፊት የሚጠበቀው

በ7,700 ብቻ ለዓመት ማስላት ያሳስታል። በቀን 300 ቢጎድል በዓመት 14 ኪሎ ይወርዳል ይላል ተራ ማባዛት። ሰውነት ሲቀል ግን ወጪውም ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2011 በኬቨን ሆልና ባልደረቦቹ የወጣው ስሌት ለአማካይ አዋቂ ሰው እንዲህ ይላል፦ በቀን በ24 ካሎሪ የሚጸና ቅናሽ በመጨረሻ አንድ ኪሎ ያህል ይቀንሳል፤ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ 95 በመቶው በሦስት ዓመት ይደርሳል። የ300 ቅናሽ ማለት በመጨረሻ 12 ኪሎ፣ በመጀመሪያው ዓመት 6 ገደማ። ስለዚህ ስድስተኛው ወር ላይ ሚዛኑ ቢዘገይ «ሰውነቴ ለመደው» ብሎ ሌላ 500 መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ እንደዚያ ነው።

ክብደት መጨመር ለሚፈልግ ቀጭን ሰው ያው መዝገብ በግልባጩ ይሠራል። ገንፎው ላይ 20 ግራም ንጥር ቅቤ ብትጨመር 175 ካሎሪ ናት፣ ሆድንም አታጨናንቅም። ያለ ምክንያት እየከሳ ያለ ሰው ግን መጀመሪያ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ለቀጣዩ 28 ቀን የተያዘው፦ የገቢ ልክ 1,950። ሽሮና ምስር በድስት 80 ግራም ዘይት። ሻይ በአንድ ሜዳ ማንኪያ። ያልተመዘኑት ፍርፍርና ቅንጬ ናቸው፤ ፍርፍሩ ይቅደም፣ ከትናንት ወጥና ከአዲስ ዘይት ስለሚሠራ የድሮው ድስት ቁጥር አይሠራለትም። አዲሱ ጋገራ ከ3 ኪሎ 22 እንጀራ ወጥቶታል፤ ከነገ ጀምሮ አንዱ 486 ተብሎ ይጻፍ።